ቄሱ እንጨት የፈለጡበት ጠዋት

ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ የሚሸሸኝ ሰው በዛ። እኔ ምን አጠፋሁ? መንግሥት የሞት ቴሌግራም በቄስ እጅ ይድረስ ብሎ ወሰነ፤ በቃ! በዚች የአውስትራሊያ የስንዴ ከተማችን ልጇን ያዘመተች እናት ሁሉ ብስክሌቴን ስታይ በሯን ትቆልፋለች። አንዴ አንዷን እናት ስለ ልጅ ልጇ ጥምቀት ላነጋግር ብሄድ ራሷን ስታ ወደቀች፤ ባሏ ብስክሌቴን ኩሬ ውስጥ ወረወረው። ከዚያ በኋላ ለጨዋታ ብቻ ስሄድ ከሩቁ «ለሻይ ነው! ለሻይ ነው የመጣሁት!» እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። ሰው አበደ ይለኛል፤ ይበል።

ያን ጠዋት ግን አልጮህኩም። ቴሌግራሙ የዋሊ ነበር፤ የኢኒድ ትሬጎዋን አንድያ ልጅ፣ እንግሊዝ አገር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጅራት ላይ ተቀምጦ መትረየስ የሚተኩስ። «እማዬ፣ ጀርመን ድረስ የኋሊት ነው የምሄደው፤ የማየው የመጣሁበትን ብቻ ነው» ብሎ ጽፎላት፣ ደብዳቤውን ለከተማው ሁሉ አንብባልናለች። ሠላሳ በረራ ከጨረሰ እረፍት ይሰጡታል። ሃያ ስድስት ደርሶ ነበር።

ኢኒድ ከበረንዳው አየችኝ።

«እሰይ፣ እንኳን መጡ!» ብላ መጥረቢያ አስጨበጠችኝ። «ይቺን እንጨት ይፍለጡልኝማ።»

«ኢኒድ፣ እኔ የመጣሁት...»

«ይፍለጡ አልኩ!»

ፈለጥኩ። ቀጥላ የዶሮውን ቤት አስጠረገችኝ። አውራ ዶሮው ቁርጭምጭሚቴን ሲነቁረኝ «እሱም ስብከትዎን አይወድም» አለች። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሌላ ሥራ፤ ባልዲ ያምጡ፣ ሚስማር ይምቱ! እውነቱን ልናገር፣ በግኜ ነበር። ሴትዮዋ አእምሮዋን ሳተች እንዴ ብዬም ፈራሁ።

እኩለ ቀን ላይ ባሏ ፐርስ እያፏጨ ከማሳ መጣ። ላቤን አይቶ ከት ብሎ ሳቀ።

«ቄሱን በስንት ቀጠርሻቸው?»

«መጀመሪያ ብላ» አለችው።

የበግ ጥብሱን እየቀለደብኝ በላ። ሳህኑን ሲጨርስ ወንበሯን አስጠጋችና እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። ፐርስ ሳቁን አቆመ።

«በሉ፣ አሁን ይንገሩን» አለችኝ። «እኔማ ገና በሩን ሲገቡ ገብቶኛል። ግን ይሄ ሰውዬ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ልጅ ነበረው። እስከ ምሳ ይቆይለት ብዬ ነው።»