ሦስተኛው ቀዶ ሕክምና

ፔንካ በሩሴ ከተማ አርባ ዓመት ልብስ የሰፋች ባልቴት ናት። ቀኝ ዓይኗ ግላኮማ በሚባል የዓይን ግፊት ሕመም ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ግፊቱ እንደገና ሲያሻቅብ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያከማት ዶክተር ዜሌቭ ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አላት።

«የከፈትኩት ቀዳዳ በጠባሳ ተደፍኗል። አሁን በዓይንዎ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ እናስገባለን።»

«አንተው አበላሽተህ አንተው ልትጠግን? እኔ ልብስ ያበላሸሁበት ደንበኛ ዳግመኛ ደጄን አልረገጠም!»

«ይጠርጥሩ እማማ፣ መብትዎ ነው» አለና ሌላ ሐኪም እንድታማክርበት መዝገቧን ሰጣት።

ከእህቷ ጋር ቫርና ከተማ ያለች ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟም መርምራት ያንኑ ቱቦ ስትጠቅስ፣ ፔንካ «ደውሎልሻል ማለት ነው!» ብላ ተነሳች።

«ማንም አልደወለልኝም። ግን የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ያትርፉ።»

ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። አጠገቧ የተቀመጠችው እህቷ አፏ ይታያታል፤ ግንባሯ ግን የለም። ፔንካ ያኔ ፈራች። በማግስቱ ዜሌቭ ዘንድ ሄዳ ለቀዶ ሕክምናው ፈረመች።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በሁለተኛው ወር ዜሌቭ ግፊቱን ለክቶ «ወርዷል እማማ!» አላት።

«በወሬ አላምንም፤ መሣሪያውን ወዲህ አዙረው።»

ቁጥሩን በቀኝ ዓይኗ አነበበችው። ከዚያም ድጋሚ እንዲለካ አዘዘችው።