እጀታው ወደ ሰው

የጋሽ ሞረድ ቤት ቢላዋ ዳቦ አልቆርጥ አለ።

ድንኳኑ ጥግ ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ አንዲት የእድር ሴት ከድፎው ጋር ትታገላለች። ቢላዋው ቅርፊቱን ይፈገፍጋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ፍርፋሪው ሲበዛ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩና፣ ለቅሶ ቤት ባይሆን የሚስቁትን ሳቅ ዋጥ አደረጉት። ቤቱ አርባ ዓመት የአራዳን ቢላዋ ሲስል የኖረ ሰው ቤት ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እርግጥ ሰውየው የመጨረሻዎቹን አራት ወራት ከአልጋ አልወረደም፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የራሱን ቤት ቢላዋ የሳለለት አልነበረም።

ሃፍቶም ይህን ሁሉ ከወንዶቹ መሀል ተቀምጦ ያያል። የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ ነው፤ ጀርመን የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የደረሰው በቀብሩ ማግስት ነበር፤ ዛሬ ሰልስቱ ነው። ከተነሳ ጀምሮ የተኛው እንቅልፍ ቢደመር አራት ሰዓት አይሞላም። የሚመጣው ሁሉ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል፤ እሱም አብሮ ያለቅሳል፤ ይቀመጣል፤ ሌላ ሰው ይመጣል፤ ይነሳል። ሐዘን እንዲህ ጉልበት የሚጨርስ ሥራ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ከጎኑ ጋሽ አጥናፉ ተቀምጠዋል። ሰዓት ሠሪ ናቸው። ፒያሳ ያለው መደዳ ሱቅ እስኪነሳ ድረስ ከአባቱ ከአጽብሐ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ሠርተዋል፤ አጽብሐን “ሞረድ” ብለው ስም ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ሃፍቶም ትከሻ ላይ ጣል አድርገው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

“ይሄ ነው እንግዲህ” አሉ። “አጽብሐን በመኪና ይዞ የቢላዋውንም የላይተሩንም ፋብሪካ ሙዚየም ያስጎበኘው ይሄ ነው። ይውለዱ ከተባለ እንዲህ ያለውን ነው።”

ሃፍቶም የሰማው ነገር አልገባውም። ሽማግሌዎቹ ግን ገብቷቸዋል፤ ወሬው ለነሱ አዲስ አይደለም። አንዱ ከሙዚየሙ ጣሪያ ላይ ስለተንጠለጠለው የሰው ቁመት የሚያህል ቢላዋ አነሱ። ሌላው፣ መስታወት ጀርባ ተቀምጦ ላይተር ስለሚጠግነው ነጭ ጸጉር ያለው ሰውዬ አወሩ፤ የአጽብሐን የነሐስ ላይተር ከፍቶ ካየ በኋላ “እቺስ ጡረታ ትውጣ” ማለቱን ጨመሩ። ሦስተኛው፣ ለአጽብሐ ወንበር ሰጥተው ከሰውየው ጎን አስቀመጡት እንጂ ዝም ብሎ ቆሞ አላየም ብለው አረሙ። ሁሉም ሃፍቶምን በአድናቆት አዩት። እሱ ደግሞ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው አዳመጣቸው።

እውነቱ ምን መሰላችሁ፣ አልሄዱም። አንዱንም ሙዚየም በደጁ እንኳ አላለፉም።

የዛሬ ሦስት ዓመት አጽብሐ የሦስት ወር ቪዛ አግኝቶ ልጁ ዘንድ ሲሄድ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲስላቸው የኖሩት የድሮ ምላጮችና ቢላዋዎች ላይ የአንዲት ከተማ ስም ተቀርጿል። የሚጠግናቸው ላይተሮችም ከሥራቸው የሌላ ከተማ ስም አለባቸው። ሁለቱም ከተሞች ሙዚየም እንዳላቸው አንድ አስጎብኚ ደንበኛው ነግሮታል። “የተወለዱበትን ቤት አይቼ ልምጣ” አለ፤ ዘመድ የሚጠይቅ እንጂ አገር የሚጎበኝ አይመስልም ነበር።

ሃፍቶም ፈቃድ ቢጠይቅ አልተሰጠውም። ጭኖ የሚሄድበት መንገድ ግን በዚያው በኩል ስለነበር አባቱን ጋቢና አስገብቶ ተነሳ። አጽብሐ ለከባድ መኪና ጋቢና ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከረቫቱን አስሮ ነበር። የነሐስ ላይተሩን በመሐረብ ጠቅልሎ በእጁ ይዟል። ሲጋራ አያጨስም፤ ላይተሯ ግን መጀመሪያ የጠገናት ስለሆነች አትሸጥም አትለወጥም።

አንድ ነዳጅ ማደያ ላይ በሕግ የታዘዘውን የሾፌር ዕረፍት ወሰዱ። ወደ ቢላዋው ከተማ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይላል ሰሌዳው። ጭነቱ ደግሞ በሰዓቱ መድረስ አለበት። “በመልሱ” አለው ሃፍቶም። አጽብሐ በነጻ ከተደረደሩት በራሪ ወረቀቶች የሁለቱን ሙዚየሞች መርጦ፣ ሳያጣጥፍ ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ። በመልሱ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ሌላ ጭነት አዘዘ፤ መንገዱም ሌላ ሆነ። “ግድ የለም” አለ አባቱ። “ሙዚየም እግር የለው፣ የት ይሄዳል።”

ይህስ ይሁን፣ የእንጀራ ጉዳይ ነው ይባላል። ሃፍቶምን የሚያንገበግበው ከዚያ በኋላ የመጣው እሁድ ነው። ዕረፍት ነበረው፤ መኪና ተውሶ ነበር፤ ቃልም ገብቶ ነበር። ስድስት ቀን ነድቶ ሰውነቱ ዝሎ ስለነበር ስልኩ ሊቀሰቅሰው ቢጮህ አጠፋውና ተኛ። ከሰዓት በኋላ ሲነቃ አባቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረቫቱን እንዳሰረ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ አገኘው። አልቀሰቀሰውም። “እንቅልፍህን ጠገብክ?” ብሎ ብቻ ጠየቀውና ከረቫቱን ፈታ። በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ በረረ።

“እስቲ ደግሞ አንተ በአፍህ ንገረን” አሉት ጋሽ አጥናፉ። “አጽብሐ ሲያወራው ሰው ሥራውን አስቀምጦ ነበር የሚሰማው።”

“ደክሞኛል ጋሼ” አለ ሃፍቶም። በዚያ ቀን ከአፉ ከወጣው ሁሉ ፍጹም እውነት የነበረው ይኸው ነው። ሽማግሌዎቹም ተው አታስጨንቁት ተባባሉና፣ እሁድ ተሰብስበው መጥተው ሊሰሙት ተቃጠሩ።

በማግስቱ ድንኳኑ ፈረሰ። ቤቱ ከእሪ በከንቱ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሱቁ ከተነሳ ወዲህ አጽብሐ መሳያ ድንጋዩን በረንዳው ላይ ተክሎ ይሠራ ነበር። አሁን እዚያው በረንዳ ላይ፣ ደንበኞቹ ሳይወስዷቸው የቀሩ ቢላዋዎች የሞሉበት የእንጨት ሣጥን ተቀምጧል። በየእጀታው ላይ ባለቤቱ የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣው ሰው ያለቅሳል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሲወጣ ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይሄዳል።

የምታስረክበው የሃፍቶም ታናሽ እህት ኢየሩስ ናት። አባቷን አራት ወር ያገላበጠችው፣ ከቢሮ እየተፈቀደላት ሐኪም ቤት ያመላለሰችው፣ በመጨረሻም ዓይኑን የጨፈነችው እሷ ናት። ወንድሟን ከአንገት በላይ ሰላም ካለችው በኋላ “ብላ”፣ “ተነስ”፣ “ሰው መጥቷል” ከማለት የዘለለ ቃል አልተነፈሰችለትም። ሃፍቶም የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራውን ጉዞ እሷም የምታምን መሰለው። አምስት ዓመት ሙሉ አገሩን ያልረገጠ ወንድሟን ቤት ያስገባችውም ለዚያች ጉዞ ስትል ይሆናል ብሎ አሰበ። እውነቱን ከተናገረ እህቱንም ሊያጣት ነው። ዝም ካለ ደግሞ በማይገባው ውለታ ከእህቱ ጋር ሊኖር ነው።

ወይዘሮ ረሂማ፣ ከታች ምግብ ቤት ያላቸው፣ ሦስት ቢላዋ ነበራቸው። ኢየሩስ ቢላዋዎቹን በእጃቸው አልሰጠቻቸውም። ሣጥኑ ክዳን ላይ አንድ በአንድ አስቀመጠች፤ እጀታው ወደ ሴትየዋ፣ ስለቱ ወደ ራሷ። አባታቸው ቢላዋ ከእጅ ወደ እጅ ሰጥቶ አያውቅም። “እጀታው ወደ ሰው፣ ስለቱ ወደ ራስ” ይል ነበር፤ ሃፍቶም በልጅነቱ ይህን አዙሮ አስቀምጦ የቀመሰውን ኩርኩም አሁንም አልረሳውም። ወይዘሮ ረሂማ እንባቸውን ጠረጉና፣ አጽብሐ የልጁን ነገር ባወራ ቁጥር ዓይኑ ያበራ እንደነበር ለሃፍቶም ነግረውት ሄዱ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ። ኢየሩስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ባለቤቱ ከማይታወቅ ቢላዋ ላይ የተበላሸ ፕላስተር በጥፍሯ ትልጣለች። ሃፍቶም መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

“ኢየሩስ” አለ። “ሙዚየሙ ጋ አልሄድንም።”

ቀና አላለችም። ፕላስተሩን ልጣ ጨረሰች።

“አውቃለሁ” አለች።

ተነስታ ገባችና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ሁለቱ በራሪ ወረቀቶች ነበሩ፤ ብዙ እጅ ስለነካቸው ጠርዛቸው ሳስቶ በፕላስተር ተጠግነዋል። በፎቶው ላይ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ቢላዋ አለ። መስታወት ጀርባ የተቀመጠው ነጭ ጸጉር ያለው ሰውዬ አለ። ከሥራቸው የነሐስ ላይተሯ ነበረች።

“ማን ያነበበለት ይመስልሃል?” አለች። “ከሥራ ስመለስ ይጠብቀኛል። በስልኬ እየተረጎምኩ አነብለታለሁ፤ ቁመቱ ስንት ነው፣ እንጨቱ ምንድነው፣ ሁሉን ያስደግመኛል። ጡረታ ትውጣ ያለውን ግን ከራሱ ነው ያመጣው።”

“ለምን?”

“ከአንተ ዘንድ ተመልሶ የገባ ዕለት እነ ጋሽ አጥናፉ መጡ። ‘ልጅህ ምን አሳየህ?’ አሉት። እኔም እዚያው ነበርኩ። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ጀመረ።”

ሃፍቶም አፈረ። እንዲህ ያለ እፍረት በሕይወቱ አላፈረም። አባቱ እዚያ እንግዳ መሀል ተቀምጦ፣ ያችን ትንሽ ዝምታ ዝም ብሎ፣ የልጁን ስንፍና ሲሸፍን ታየው። ስለቱን ወደ ራሱ አድርጎ።

“ሳትነግረኝ ትሄድ ይሆን ብዬ ስጠብቅህ ነበር” አለች ኢየሩስ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከማት ሰው ድምፅ ነበር። “ብትሄድ ኖሮ ሁለተኛ ስልክህን አላነሳም ነበር።”

“ነገ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ።”

“አትነግርም። ለእኔ ነግረኸኛል፣ ይበቃል። እነሱ የሰሙት ታሪክ የአባታችን፣ የአቦይ ነው፤ አትንካበት።” ሣጥኑን ከደነችው። “ሲመርቁህ ምርቃቱን ተቀበል። ይክበድህ።”

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። ጋሽ አጥናፉ በሐዘን ሰሞን ያልተስተካከለ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ ሃፍቶም ሁሉንም ከመጀመሪያው እንዲነግራቸው ጠየቁት። ሃፍቶም እህቱን አያት። እሷ ሲኒ ታነሳለች።

ከመነሻው ጀመረ። አባቱ ጋቢና ውስጥ ከረቫቱን አስሮ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ ነገራቸው። ከፊት የሚመጣውን ከባድ መኪና ሁሉ ባርኔጣውን አንስቶ ሰላም ይል ነበር፤ አንዳንዱ ሾፌር መልሶ ጥሩንባ ሲያሰማለት በሳቅ ይፈርስ ነበር። ላይተሯን ከመሐረቧ ሳያወጣ እንደያዛት፣ በየመሀሉ ጆሮው ላይ አድርጎ እንደነቀነቃት ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አዎ፣ አጽብሐ ነው አሉ። ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርስ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚለው ሰሌዳ ጋ፣ ድምፁ ተቆረጠ። ሊቀጥል አፉን ከፈተ፤ እንባ ቀደመው። ከመጣ ጀምሮ ከሰው ጋር ነበር ያለቀሰው፤ አሁን ብቻውን አለቀሰ።

“በቃ፣ በቃ ልጄ፤ የቀረውን እሱ ነግሮናል” አሉ ጋሽ አጥናፉ፣ ጉልበቱን ያዝ አድርገው። “አባትህን እንዳስደሰትክ እግዚአብሔር ያስደስትህ። አንተም ከልጅህ አግኘው።”

ሌሎቹም በየተራ መረቁ። ሃፍቶም አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ፤ እያንዳንዷ አሜን ከብዳው ወጣች።

ኢየሩስ የተረፈውን ዳቦና ያንኑ ዶልዷማ ቢላዋ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሃፍቶም ተነሳ። ቢላዋውን አንስቶ በረንዳ ወጣ፤ የአባቱን የእጅ ሞረድ ከመደርደሪያው አውርዶ ውሃ ረጨበት። እጁ ለሥራው እንግዳ ነበር፤ ቶሎም አልጨረሰም። ውስጥ ያሉት ድምፁን ሰምተው ወሬያቸውን አቆሙ። እንደ አባቱ በአውራ ጣት ጥፍሩ ሞከረው፤ ደገመው፤ እንደገና ሞከረው።

ገብቶ እህቱ ፊት ለፊት ቆመና ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ እጀታው ወደ እሷ፣ ስለቱ ወደ ራሱ። ኢየሩስ እጀታውን ትንሽ አየችው። ከዚያ አነሳችውና ዳቦውን ቆረሰች።