ከሱፍ በታች

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሣሩ በቁሙ ደረቀ። የእርባታ ጣቢያው ድርቆሽ ተሟጠጠ፤ ጠዋት ጠዋት የሞተ እየጎተትን እናወጣ ነበር። እኔ የጣቢያው አናጺ ነኝ። በዚያ ዓመት አዲስ ግርግም እንድሠራ ያዘዘኝ አልነበረም። ያሉትም ባዶ ነበሩ።

የድርቆሹ ደንብ አንድ ነበር፦ ቅድሚያ ለከሳው። ኃላፊው በየበረቱ በር ላይ ቆሞ ያያል። የላም ጎድን ከሩቅ ይቆጠራል፤ በግ ግን ሱፍ ለብሷል። ድርቆሹ ወደ ላሞቹ ሄደ። የበጎቹ ጠባቂ ጮኸ፤ ጆሮ የሰጠው የለም። የላሞቹ ጠባቂ የእህቱ ባል ነው። የበጎቹን ድርሻ በጋሪ ሲወስድ፣

«አማቼ፣ ሣር ሲበቅል እመልሳለሁ» አለው።

ሣሩ ሲበቅል ግማሹ በግ አልቆ ነበር። ድርቆሹም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ቢቀመጡ እንኳ ዳቦውን የምታቀባብላቸው እህቲቱ ናት።

ዘንድሮ ሰማዩ እንደገና አኮረፈ። የቀረው በግ ካለቀ በረቱ ሊዘጋ፣ ጠባቂውም ሊሰናበት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። አሁን ድርቆሹን የምታከፋፍለው አዲሷ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ጠባቂዎቹን ድርቆሽ መጋዘን ሰበሰበች። እኔ የመጋዘኑን በር እያቃናሁ ነበር።

«ላም ቤት ‹ከሳ› ስትሉ ጎድን ታያላችሁ» አለች። «በግ ቤት በእጅ ትዳስሳላችሁ። ዶሮ ቤትስ?»

«እኛ ደረቷን ነው የምንነካው» አለች ዶሮ አርቢዋ። «በላባዋ ከሄድንማ ሁሏም ቱጃር ናት።»

ሳቁ።

«ለሁሉም እንስሳ የሚሠራ አንድ ቃል፣ አንድ መለኪያ ያስፈልገናል። አለዚያ ማንን እንደማስቀድም በምን አውቃለሁ?»

«ዓይን ይበቃል» አለ የላሞቹ ጠባቂ።

«ያንተ ዓይንማ ያኔም ጠግቦ አድሯል» አለ አማቹ። «ጦም ያደሩት የኔ በጎች ናቸው።»

የላሞቹ ጠባቂ ፊቱን አጠቆረ። ሐኪሟ ወደ ግቢው አወጣችን። አንዲት ላምና አንዲት በግ ጎን ለጎን ታስረዋል።

«እስቲ ይዳስሱልኝ፣ ጋሼ» አለችው የላሞቹን ጠባቂ።

መጀመሪያ የላሚቱን ወገብ ዳሰሰ። ቀጥሎ እጁን ሱፉ ውስጥ አስገባ። እዚህ ስንኖር በግ ሲነካ አይቼው አላውቅም። እጁ ባለበት ቀረ። እኔም በኋላ ዳስሻታለሁ፤ አከርካሪዋ የመጋዝ ጥርስ ነበር።

«ምን አገኙ?»

የሚናገረው ነገር ድርቆሹን ከላሞቹ አፍ እንደሚነጥቅ ያውቃል። ከዚያ እጁን ሳያወጣ ወደ አማቹ ዞረ።

«ያን ጊዜም እንዲህ ነበሩ?»

«ከዚህም ይብሱ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«በየቀኑ ነግሬሃለሁ። አንተ ቆመህ ታይ ነበር።»

የላሞቹ ጠባቂ እጁን አወጣና ሱሪው ላይ ጠረገ።

«በእጅ ይሁን» አላት ሐኪሟን። «ላምም፣ በግም፣ ዶሮም። ከሳ የሚባለው አጥንቱ መዳፍ ሲወጋ ነው። እንደዚያ ብለሽ ጻፊው።»

ጻፈችው። በዚያው ቀን በረቱ ሁሉ ተዳሰሰ። በጎቹ ቀደሙ።

የመጀመሪያው ጋሪ ለእነሱ ተጫነ። አንድ ሠራተኛ ሊገፋው ሲል የላሞቹ ጠባቂ ተቀበለውና ራሱ ገፋ። በጎቹ ዘንድ አራግፎ ተመለሰ። ከዚያ ለላሞቹ ከተመደበው ላይ ሌላ ጋሪ ሞላ። ሐኪሟ አየችው፤ ከመንገዱ ገለል አለችለት። ላሞቹ በሩ ላይ ተኮልኩለው ይጮኻሉ። እየሰማቸው አለፋቸው።

አማቹ የበግ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«የዛሬውን አመጣህ አይደል? ይሄ ደግሞ የምን ነው?»

«የዚያን ጊዜው።»

የበጎቹ ጠባቂ ድርቆሹን አየ። እሱንም አየ። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት፤ ግርግሙን አብረው ሞሉት።