ከአንሶላው ሥር

ሐኪሙ የአባቴን ደረት አዳምጦ ሲጨርስ የተናገረው ለእኔ ነበር። ይህ ሳንባ ለብዙ ዓመት የጥጥ ብናኝ ሲስብ ኖሯል፤ የተዘጋው ተዘግቷል፣ የቀረውን ማትረፍ ነው አለ። የሚተኛበት ክፍል አቧራ አይግባው፣ አልጋው ላይ የሚረግፍ ጨርቅ አይኑር። ይህ ባይሆንስ ብዬ ጠየቅሁ። የማዳመጫውን ጎማ አንገቱ ላይ አንጠለጠለና፣ "ክረምቱን አይወጣም" አለ።

አባቴ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። ሰምቷል።

"ሰማሽ ፕሮፌሰር?" አለኝ ደጅ ስንወጣ። "ዕድሜ ልኬን ያበላኝ ጥጥ ዛሬ ሊበላኝ ነው።"

ኬሚስትሪ ተምሬ በውሃ መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለምሠራ ቤት ውስጥ ፕሮፌሰር ይሉኛል፤ ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ። እሱ ደግሞ በጥጥ ፋብሪካው ማባዘቻ ክፍል ያረጀ ሰው ነው። ማባዘቻ ማለት ጥሬው ጥጥ በጥርሳም ማሽኖች የሚበጠርበት፣ አየሩ ራሱ ነጭ የሆነ ክፍል ነው። ከሥራ ሲወጣ እስከ ቅንድቡ ነጭ ስለሚሆን ሰዉ "ባዘቶ" ብሎ ይጠራው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ስሙም አብሮት ወጣ። የምንኖረውም ፋብሪካው ለሠራተኞቹ ካሠራቸው መደዳ ቤቶች በአንዱ ነው፤ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን፣ የአንዱን ሳል ሌላው እየሰማ።

በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ አንሶላ ልገዛ ሄድኩ። ባለሱቁ ጸጉር ጸጉር ያለው፣ ደመና የመሰለ ነገር ዘረጋልኝ። "እጅሽን አሳርፊበት እህቴ፤ እንቅልፍ ራሱ ነው።" ጥቁር ሻርፔን አውልቄ አሸሁት። ሻርፑ ድመት የተኛችበት መሰለ። እንዲህ ያለ ልስላሴ የሚመጣው ከአጫጭር የጥጥ ቃጫ ነው። ጫፉ ከክሩ ወጥቶ ይቆማል፤ በታጠበ ቁጥር፣ በተተኛበት ቁጥር ይረግፋል። ሌላ አምጣ አልኩት። ከናይለን ጋር የተቀላቀለ አመጣ፤ እሱም ቆየት ሲል ጥቃቅን እንክብል ያወጣል። ሌላ። ፊቱ እየጠቆረ ከታችኛው መደርደሪያ ማንም የማይጠይቀውን አወጣ። ንጹሕ ጥጥ፣ ቃጫው ረጅም፣ ድርና ማጉ ጥብቅ ያለ፣ ሲነኩት እንደ ወረቀት ቀዝቀዝ የሚል። በሩ ላይ ወስጄ በብርሃን አየሁት፤ የሳሳ ቦታ የለውም። ሻርፑን ደጋግሜ አሸሁበት፤ ምንም። ይሻክራል፣ ለሙሽራ አይሆንም አለ። ለበሽተኛ ነው አልኩት። ሁለት ጠቀለለልኝ፤ ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

አዲስ አንሶላ ሳይታጠብ አልጋ አይነካም፤ ከሽመናው የተረፈ ብናኝ አለበት። ሁለቴ አጠብኩት፣ ለብቻው። እናቴ ፎጣውን፣ ብርድ ልብሱን፣ አንሶላውን አንድ ላይ አጭቃ ነበር የምታጥበው፤ ፎጣ ደግሞ ጸጉሩን ለጎረቤቱ ማካፈል ይወዳል። በረኪናም ከለከልኳት። ያነጣል፣ ግን ክሩን ይበላዋል፤ የተበላ ክር ይረግፋል። ሳሙናው በልክ፣ ማሽኑ ሳይጨናነቅ፣ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ጥቂት ኮምጣጤ። እናቴ ኮምጣጤውን ስታይ ባሌን ልታጥቢው ነው ወይስ ሰላጣ ልትሠሪው አለች። የማሽኑን ወንፊት በታጠበ ቁጥር አጸዳሁ። አንሶላውን ጓሮ ወስጄ በኃይል አራግፌ አሰጣሁት፤ በመንገዱ በኩል ያለው ገመድ የመኪና አቧራ ያገኘዋል።

ጠዋት አባቴ ከአልጋው ሲነሳ አንድ ጥቁር ጨርቅ በአንሶላው ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ እጎትት ጀመር። ጨርቁን "ዳኛው" አለው።

"ዛሬስ ምን ፈረደ?"

ዳኛው በየቀኑ ይፈርድ ነበር። ብናኙ እዚያው ነው። ደግሜ አጠብኩ፣ ደግሜ አራገፍኩ፣ የትራሱን ልብስ ቀየርኩ። ጠዋት ሲነጋ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ ያው ነው። የአባቴም ትንፋሽ ከቀን ወደ ቀን እያጠረ፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት እየጨመረ ሄደ።

የገረመኝ ቀለሙ ነው። ከአንሶላ የሚረግፍ ብናኝ ነጭ ነው የሚሆነው፤ ይህ ግራጫ ነው። ጨርቁን አጥፌ ቤተ ሙከራ ወሰድኩትና በማይክሮስኮፕ አየሁት። የቅጠል ድቃቂ አለ፣ የፍሬ ቅርፊት ስባሪ አለ። ይህ ያልተፈተለ፣ ያልታጠበ ጥጥ ነው። ከአንሶላ ሊመጣ አይችልም።

ቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ አንሶላውን ገፍፌ ፍራሹን በጡጫዬ ተጫንኩት።

ተነፈሰ። በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ግራጫ ነገር ተነሥቶ ተንሳፈፈ፤ ለመውረድም አልቸኮለም።

እናቴን ጠራኋት። ምኑ እንደደነቀኝ አልገባትም። የማባዘቻ ክፍል ሰው ሲያገባ ጓደኞቹ ከማሽኖቹ ሥር የተጠረገውን ጥጥ በጆንያ አጠራቅመው ፍራሽ ይሞሉለታል፤ ሌላው ክፍል እንዲህ ያለ ነገር አይደርሰውም፣ ይቀናል እንጂ። የእኛንም የክፍሉ ፎርማን ራሱ በእግሩ እየረገጠ ነው የጠቀጠቀው። በየዓመቱ ይፈታል፣ ይነደፋል፣ እንደገና ይሞላል፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ጥጡን ነፋስ እንዳይወስደው መስኮቱ ተዘግቶ። "አንቺም የተወለድሽው እሱ ላይ ነው" አለችኝ፣ እንደ ምስክርነት።

ይህን ለሐኪሙ ለምን እንዳልነገሩት ጠየቅኋት። ስለ ፍራሽ መቼ ጠየቀን አለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። የእኛ ቤት ሰዎች አልደበቁም፤ አንጥፈው ተኝተውበታል።

በማግሥቱ የቆሻሻ መኪናው ሲመጣ እኔና እናቴ አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን ፍራሹን ጎተትን። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየናል። ፎርማኑ የሚኖረው ፊት ለፊታችን ነው፤ ከሥራ ቢወጣም ዛሬም ሰዉ ሁሉ ጋሼ ፎርማን ይለዋል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወጣ።

"ባዘቶ፣ ሚስትህን ሲወስዱብህ ዝም ትላለህ?"

አባቴ መኪናው መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ፍራሹን በዓይኑ ሸኘው።

ስፖንጅ ፍራሽ ገዛሁ። አንሶላውን ወጥሬ አነጠፍኩ። ዳኛው ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ በማግሥቱም፣ ከዚያም በኋላ። ጨርቁን ለአባቴ አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ ስለ ፍርዱ ግን አልጠየቀም። እንዴት አደርክ ስለው፣ ደህና ይለኛል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ።

ትንፋሹ ግን አልተመለሰም። ባሰበት። ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ለመድረስ ግድግዳ ይይዝ ጀመር። ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ጥላ ወጣ። መጋረጃውን አወረድኩ፣ ምንጣፉን አወጣሁ፣ ቁም ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ሐኪሙ አዳምጦት ፊቱን አጨፈገገ። አሁንም ብናኝ እየገባው ነው፣ ቤታችሁን ፈትሹ አለ። ቤታችን ንጹሕ ነው አልኩት። በዚያ መጠን እርግጠኛ ሆኜ ተናግሬ አላውቅም። እሱ የተመለከተኝ ሰው ውሸታም በሚያይበት ዓይን ነበር።

አንድ ቀን መብራት ስለጠፋ ከሥራ ቀድሜ ተለቀቅሁ። የአባቴ ክፍል ባዶ ነው። አንሶላው ላይ አንዲት ሽብሽቦ የለችም። እናቴ ድንች ትልጣለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

የት ነው አልኳት። ጋሼ ፎርማን ጋ ነው፣ ይጫወታሉ አለች። ሁልጊዜ? ከምሳ በኋላ። ቢላዋው ድንቹ ላይ ዘገየ።

"እማዬ፣ ሌሊት የት ነው የሚያድረው?"

"ወንበሩ ላይ። አንቺ ልትነሺ ስትዪ አልጋው ላይ ጋደም ይላል። እንዳትቆጪ ብሎ ነው።"

ዳኛዬ ሰው ያልተኛበት አልጋ ላይ ሲፈርድ ከርሟል።

መንገዱን ተሻገርኩ። የፎርማኑ ቤት ልክ እንደ እኛው ነው፤ በሩ በዚያ፣ መስኮቱ በዚያ፣ አልጋው በዚያ። አባቴ በጎኑ ሆኖ፣ ጉንጩን መዳፉ ላይ አስደግፎ ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ተኝቷል። ደረቱ ከውስጥ ያፏጫል። ፎርማኑ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

"አትቀስቅሺው። እንቅልፍ የሚያገኘው እዚህ ብቻ ነው።"

"ጋሼ፣ ይህ ፍራሽ ከምንድን ነው የተሞላው?"

"የዚያኛው ወንድም ነው" አለና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት። የእሱም ሳል መጨረሻው ላይ ያፏጫል። ጨርሶ አፉን ሲጠርግ፣ መደዳው ሁሉ የሚተኛው በዚሁ ነው፤ አንቺ የአባትሽን ብቻ አየሽ አለኝ።

አባቴ ዓይኑን ገለጠ። አልደነገጠም።

"ፕሮፌሰር፣ መጣሽ?"

"አባዬ፣ ይሄ ነገር ይገድልሃል።"

"ያኛውስ? ስፖንጁ ላይ ስጋደም ገደል የምገባ ይመስለኛል። ሰው ሳይተኛ ምን ያህል ይተነፍሳል?"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ መቼ እኔን ጠየቅሽኝ" አለ ቀስ ብሎ፣ በሁለት ትንፋሽ ከፍሎ። "ጨርቁን ነው የምትጠይቂው።"

ጎትቼ ወደ ቤት ብወስደው ወንበሩ ላይ ነው የሚያድረው፤ ነገ ተመልሶ እዚህ ነው። ፍራሹን አውጥቼ ብጥልበት የሌላውን በር ያንኳኳል፤ መደዳው ረጅም ነው። እንቅልፉን ከብናኙ ለይቼ የምሰጠው አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ። ሮጬ ሁለቱን አንሶላዎች፣ መርፌና ጠንካራ ክር ይዤ መጣሁ። ፍራሹን በጥብቁ ጨርቅ ዙሪያውን ሰፍቼ፣ እንደ ከረጢት ልዘጋው።

አባቴን ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጥነው። መስኮቱን ከፈትኩ። ፎርማኑ ፍራሹን ባነሳ ቁጥር ፍራሹ ይተነፍሳል፣ ሁለቱም ይስላሉ፣ እኔም። አንዱን አንሶላ ከታች፣ ሌላውን ከላይ አድርጌ ከግርጌው መስፋት ጀመርኩ። ስፌቱን አደቀቅሁ። መርፌው ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ለብናኝ በር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል፣ ብዙውን ይይዛል።

"የሚያይሽ ሰው" አለ ፎርማኑ፣ "ሬሳ የምትገንዢ ይመስለዋል።"

"አንተ ሰውዬ፣ እጇን ታሳስታታለህ" አለ አባቴ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር።

ግርጌው ተዘጋ። ራስጌው ተዘጋ። በግድግዳው በኩል ያለውን ጎን ስጨርስ ጣቶቼ ደነዘዙ። ቀና ስል አባቴ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። ከንፈሩ እንደ ጥፍሩ ሆኗል። ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩት፤ ልተኛ አለ። ፎርማኑን መኪና እንዲጠራ ላክሁት። ጫማውን ሲፈልግ፣ ሲያስር፣ በሩ ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሲሰበስብ ያለኝን ፍጥነት ሁሉ ለመርፌው ሰጠሁ።

"በቃ" አለ አባቴ።

"አንድ ጎን ብቻ ነው የቀረኝ፣ አባዬ። ትንሽ ጠብቀኝ።"

አልጠበቀም። ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፣ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ፣ መጥቶም ነጩ ነገር ላይ በሙሉ ክብደቱ ተጋደመ። ፍራሹ በአንድ በኩል ብቻ ክፍት ነበርና የያዘውን ሁሉ በዚያ በኩል ተነፈሰው፤ ፊቴን ሞቅ ባለ ግራጫ ነገር ሸፈነኝ፣ ከዚያም አልፎ ክፍሉን ሞላው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበው። ዓይኖቼን በክንዴ ጠረግሁ። ክሩ አልቆ ነበር። ሌላ ክር በጥርሴ በጥሼ በመርፌው አስገባሁና በጀርባው በኩል ያለውን ክፍት ጎን መስፋቴን ቀጠልኩ።