ወሬ ሳይጠይቁ ማለፍ

የኋላሸት ለዚያች ሌሊት ሦስት ደንብ አወጣ፤ መኪና ውስጥ አይወራም፣ ወደ ቁጥቋጦው ከቀዩ ባትሪ በቀር አይበራም፣ ሳይፈቀድ አይወረድም። ከኤረር ከመውጣታቸው በፊት ለሾፌሩ ለዳሂር ሁለት ጊዜ አነበበለት። ዳሂርም ሁለት ጊዜ እሺ አለ።

ጥንቃቄው ምክንያት ነበረው። ከኋላ የተቀመጡት የአስጎብኚ ድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ማርዎ ናቸው። ለሌሊት ጉብኝት መሪ ይፈልጋሉ፤ የዛሬው ጉዞም የእሱ ፈተና ነው። እሱ ደግሞ አፉን ሞልቶ አዋልዲጌሳ አሳይዎታለሁ ብሏል፤ ያንን ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ፣ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ሌሊት ምስጥ የሚለቅም ጉደኛ አውሬ። ካላሳየ ሥራው የሌላ ሰው ነው።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ማስታወሻው ላይ የሰፈሩት ጥንቸል ሁለት፣ ቀበሮ አንድ ነበሩ። አነር ነው ብሎ ያንሾካሾከላቸው ዓይኖች የፍየል ሆነው ስለተገኙ አልተጻፉም። ማርዎ ፍየሏ ግን ቆንጆ ናት አሉ።

ይኼኔ ከውሃ ጉድጓድ ግመሎቻቸውን ነድተው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ መንገዱ ላይ ብቅ አሉ። ዳሂር መኪናውን አቁሞ ወረደ። የኋላሸት እጅጌውን ሊይዘው ሞከረ፣ አልደረሰበትም።

«በእኛ አገር ሌሊት ሰው አግኝቶ ወሬ ሳይጠይቅ የሚያልፍ የግመል ሌባ ብቻ ነው» አለው ዳሂር።

ካሂን የሚባሉት ሽማግሌ ወሬያቸውን ከዝናቡ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ውሃ፣ ከዚያ ወደ ደገሀቡር የከብት ገበያ፣ ከዚያም ወደ እህታቸው ልጅ ሠርግ ተሻገሩ። ጅጅጋ ተወልዶ ያደገው የኋላሸት ሶማሊኛውን ቃል በቃል ይሰማል፤ ሰዓቱንም ያያል። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው፣ ከሁሉ ክፉው ወሬ፣ አንድ ጆሮ ረጅም አውሬ ማታ ማታ ኩይሳ ሥር እየቆፈረ ግመላቸውን እግሯን ሊሰብርባቸው መሆኑን ተናገሩ።

የኋላሸት ዘሎ ወረደ። ኩይሳው የት እንደሆነ ጠየቀ።

«እኔ ተናገርኩ» አሉ ካሂን። «የእናንተስ ወሬ?»

ስለ ጅጅጋ ዝናብ ነገራቸው፣ አነሰ። ስለ ጤናው ነገራቸው፣ አነሰ። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ፣ «አዴር፣ አጎቴ፣ ዛሬ ያንን አውሬ ካላሳየሁ ሥራ የለኝም» አለ።

«ታዲያ ይህን አስቀድመህ አትናገርም?» ብለው በትራቸውን ወደ ሰሜን ቀሰሩ።

በእግር ስድስት መቶ እርምጃ ሄዱ። በቀዩ ብርሃን መጀመሪያ የታየው ወደ ኋላ የሚረጭ አፈር ነው፤ ቀጥሎ ወፍራም ጭራ፤ ቀጥሎ ሁለት ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። አውሬው ዞሮ አሽትቶ፣ የሚያሰጋ ነገር ያላገኘ ይመስል ቁፋሮውን ቀጠለ። ማርዎ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ።

ሲመለሱ ካሂን ግመሎቻቸውን ነድተው አልሄዱም ነበር። ማርዎ ፊት ቆሙ።

«ነገ ጉድጓዱ ጋ ወሬ እጠየቃለሁ፤ ግማሽ ወሬ ይዤ አልሄድም። ልጁ ሥራውን አገኘ ወይስ አላገኘም?»

ማርዎ የኋላሸትን አዩት። እሱ ማስታወሻውን የሚያይ መሰለ።

«አገኘ ይበሉ» አሉ ማርዎ።