የአልጣሽ ዝንብ

ሰው ቂመኛ ሆኖ አይወለድም። አልጣሽም ቂመኛ ሆና አልተወለደችም። ኢተያ ከስንዴ ማሳ ዳር አድጋ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በአማርኛውም በኦሮምኛውም እኩል አፏን ፈትታ፣ በኋላ አሰላ ገብታ ምግብ ቤት የከፈተች ሳቂታ ሴት ነበረች። ቂም ያስተማራት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ማስተማሩን አላወቀም።

ነገሩ የሆነው በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው። ለሕዝብ የጤና ትምህርት የሚያሳይ የሲኒማ መኪና አሰላ መጣና ገበያው ሜዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጥሮ ቆመ። ከአልጣሽ ቤት ፊት ለፊት ነው የተወጠረው። እሷም እንግዶቿን አስተናግዳ ስትጨርስ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሄዳ ከፊት ተቀመጠች። መጀመሪያ የታየው፣ ዛሬ ካርቱን የምንለው፣ በእጅ የተሣለ የአንዲት ፍየል ታሪክ ነበር። ፍየሏ የሰጧትን ቅጠል ትታ የጌታዋን ባርኔጣ በላች፤ የታሰረችበትን ገመድ በላች፤ በመጨረሻም ባቡር ሲያባርራት ሐዲዱን በልታ ባቡሩን መንገድ ላይ አስቀረችው። ሥዕል ተነሥቶ ይሄዳል ብሎ ማን ያውቅ ነበር? ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንደ ሕፃን ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ሲያልቅ «ድገሙት» ብላ የጮኸችውም እሷ ነበረች።

አልደገሙትም። ከፍየሏ ቀጥሎ ዝንብ መጣች። እሷም በእጅ የተሣለች ናት፣ ግን ለትምህርት ነው። ከመጸዳጃ ጉድጓድ ትነሣለች፣ ቆሻሻውን እንደ ቦቲ ጫማ በስድስቱም እግሯ አጥልቃ ምግብ ፍለጋ ትበራለች። ከአቡጀዲው አጠገብ ቆሞ ሥዕሉን የሚያስረዳው አቶ በዛብህ የሚባል፣ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ አፈ ጮሌ ሰው ነበር። ሊናገር ሲል ሁለት እጁን አጋጥሞ የማሸት ልማድ አለው። እጁን አሸት አሸት አደረገና ቀና ሲል የመኪናው መብራት የአልጣሽን ታፔላ ቦግ አድርጎ አሳየው።

«ዝንቧ ምሳ አማራት» አለ። «ወዴት ትሂድ? አልጣሽ ምግብ ቤት ትግባ እንጂ!»

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሰው የሳቀለት ሰው ደግሞ መቼ ያቆማል? ዝንቧ ወጡ ላይ ባረፈች ቁጥር፣ የበላው ሰው ሆዱን ይዞ በተንከባለለ ቁጥር የአልጣሽ ስም ተጠራ። አልጣሽ ከፊት ተቀምጣ፣ ሳቋ ገና ከፊቷ ላይ ሳይጠፋ፣ ስሟን ሰማች።

የአልጣሽን ጓዳ ያየ ያውቀዋል፤ ሌማቷ ሳይከደን፣ ድስቷ ሳይፈተግ አያድርም። ግን ጓዳ ገብቶ ማን አየ? ሕዝቡ ያየው ዝንቧን ነው። በማግስቱ ልጆች በሯ ላይ ቆመው «ዝዝዝ» አሉ። የጭነት መኪና ሾፌሮች በቀልድ ጀምረው የምራቸውን ቀሩ። ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ባለጉዳዮች «የዝንቧ ቤት የቱ ነው?» ብለው እየጠየቁ ሌላ ቤት ይገቡ ጀመር። ክረምቱ ሳይወጣ ታፔላዋን አውርዳ ለማገዶ ፈለጠችውና ሳጉሬ ሄደች። እዚያ በገበያ ቀን ሻይና ዳቦ ትሸጣለች። ለዚህኛው ቤቷ ስም አላወጣችለትም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አልጣሽ ሊጥ ስታቦካ በዛብህን ታቦካለች፤ እንጨት ስትፈልጥ በዛብህን ትፈልጣለች። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን የፍየሏ ነገር ነው። ሐዲድ የምትበላዋ ፍየል ትዝ ስትላት ሳቋ ይመጣል፤ ሳቋ ሲመጣ ዝንቧ ተከትላ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ፊቷ ይጠቁራል። ሰውዬው የወሰደባት ምግብ ቤቷን ብቻ አልነበረም፣ ሳቋንም ነው። እንጀራስ በሌላ አገር ይገኛል።

በአራተኛው ዓመት የሲኒማው መኪና ሳጉሬ ደረሰ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለሆነ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከየገጠሩ የመጣው ሕዝብ አብዛኛው የሚሰማው ኦሮምኛ ብቻ ነው። አቶ በዛብህ ደግሞ ከኦሮምኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ የሚያስተረጉምለት ባልደረባው ታሞ አሰላ ቀርቶበታል። ሁለቱን ቋንቋ የሚችል፣ ድምፁም ራቅ ብሎ የሚሰማ ሰው ፈልጉልኝ አለ። የአልጣሽ ጎረቤት ቅቤ ነጋዴዋ ኢፍቱ ከጉዳዩ ምንም የምታውቀው የለም፤ «ከአልጣሽ ወዲያ ማን አለ» ብላ እጇን እየጎተተች ወሰደቻት።

ስሟን ሲሰማ ዐይኑ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ድምፅ ማጉያውን ሰጣትና እኔ ያልኩትን ብቻ ትያለሽ አላት። እሺ ጌታዬ አለች አልጣሽ።

ጀምበር ጠልቃ ሲጨልም ያቺው ፍየል መጣች። አልጣሽ ባርኔጣውን፣ ገመዱን፣ ባቡሩን በኦሮምኛ ስታወራ ተካነችበት፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ በሳቅ ተንፈራፈሩ። እሷም ለአንድ አፍታ ልቧ ለሰለሰ። ይኸን የመሰለ ነገር ይዞ የሚዞር ሰው ክፉ ይሆናል ወይ ብላ አሰበች። ወዲያው ዝንቧ ከጉድጓዱ ተነሣች።

አቶ በዛብህ እጁን አሸት አሸት አደረገና፣ ይህች ዝንብ የሰው ጠላት ናት፣ አለ። አልጣሽ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠጋች።

በኦሮምኛ ያለችው ይህ ነው። «ይህ ዝንብ ወንድ ነው። ከሩቅ አገር በመኪና የመጣ ነው። ሳይጠሩት ሰው ቤት ይገባል፣ የሰው እንጀራ ላይ ቆሻሻውን አራግፎ ይሄዳል። ስሙ በዛብህ ይባላል። ያላመነ እጁን ይመልከት።»

በዚያች ሰዓት አቡጀዲው ላይ ያለችው ዝንብ፣ የዝንብ ልማድ ነውና፣ የፊት እግሮቿን አጋጥማ ማሸት ጀመረች። ሕዝቡ ዝንቧን አየ፤ ዞሮ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሰው አየ። አቶ በዛብህ የሳጉሬ ብርድ ታክሎበት እጁን እያሸ ቆሟል።

እንዲህ ያለ ሳቅ አገሩ ሰምቶ አያውቅም። ሰው በሰው ላይ ወደቀ። አቶ በዛብህ በማያውቀው ቋንቋ መሐል ስሙ መጠራቱን ልብ ሳይል፣ ንግግሩ የሠራለት መስሎት ደስ አለው፤ ደስ ሲለው ደግሞ እጁን ማሸቱ ባሰበት። ባሸ ቁጥር ይስቃሉ፣ በሳቁ ቁጥር ያሻል። አልጣሽ ትምህርቱን ግን አላጎደለችም፤ ምግብ ክደኑ፣ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ እጃችሁን ታጠቡ የሚለውን አንድ በአንድ ተናገረች። ንጹሕ ሴት ናት፤ በዝንብ ነገር አትቀልድም። ዝንቡን በስሙ ከመጥራት በቀር ምንም አልጨመረችም።

ሲያልቅ ኢፍቱ ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ወደ አልጣሽ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ይኼ ሰውዬ ምን አድርጎሽ ነው?» አለቻት። «አሁንስ በቃሽ?»

አልጣሽ የበቃት መስሏት ነበር። አራት ዓመት የተሸከመችው ሸክም ከጀርባዋ የወረደላት መስሎ ተሰምቷታል። ምናልባት እዚያው ላይ ይቀር ነበር፤ ሰውዬው ራሱ መጥቶ ባያናግራት።

አቶ በዛብህ ላብ ላብ ብሎት እየሳቀ መጣ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ የተሳቀልኝ ቀን የለም፣ ነገ ወደ ሮቤ አብረሽን ካልሄድሽ አለቅሽም አላት። አልጣሽ ግን፣ አሰላም አሳይተው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። እንዴታ፣ ያላሳየሁበት አገር የለም አለ።

«እዚያ ዝንቧ ማን ቤት ነበር የገባችው?»

አቶ በዛብህ ግንባሩን አኮማትሮ አሰበ። አላስታወሰም። ከዚያ ደግሞ የሥራውን ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ እንኳ በየአገሩ ነው የማደርገው» አለ። «ከአቡጀዲው አጠገብ የማየውን ቤት ስም ለዝንቧ እሰጣለሁ። ሰው ይስቃል፣ ትምህርቱም ከልቡ አይጠፋም።»

«የቤቱ ባለቤትስ?»

«እሷም ትስቃለች እንጂ ምን ትሆናለች?»

አልጣሽ ጥርሷን ነከሰች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተጎዳች እሷ ብቻ ትመስላት ነበር፤ ለካ በየአገሩ ታፔላዋን የፈለጠች አንዲት አልጣሽ አለች። የወረደላት ሸክም ተመልሶ ጀርባዋ ላይ ወጣ፤ አሁን ደግሞ የሌሎቹም ታክሎበት ከብዷል። እሄዳለሁ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃዋን ለኢፍቱ አደራ ሰጥታ መኪናው ዘንድ መጣች። የሳጉሬ ልጆች መኪናውን ከበው፣ ሁላቸውም ትንንሽ እጆቻቸውን እያሹ፣ «ቲሲሳ በዛብህ! ቲሲሳ በዛብህ!» ይላሉ። ቲሲሳ በኦሮምኛ ዝንብ ነው። አቶ በዛብህ ስሙን ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ስሜን ከየት አወቁት?» አለ።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

«ቲሲሳ የሚሉትስ ምንድን ነው?»

«ከቤት ቤት የሚዞር እንግዳ እንደማለት ነው» አለች አልጣሽ።

«ልክ ናቸው፤ ሥራዬ መዞር አይደል?» አለና እጁን አሸት አድርጎ ለልጆቹ አውለበለበላቸው። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

መኪናው ሲነሣ አልጣሽ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። ሐዲድ የምትበላዋ ፍየል ትዝ አለቻትና ብቻዋን ፈገግ አለች፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝንቧ አልተከተለችም። አቶ በዛብህ ፈገግታዋን አይቶ፣ ከሮቤ መልስ አሰላ እንደሚገቡ፣ እዚያ ግን ሕዝቡ አማርኛ ስለሚሰማ አስተርጓሚ እንደማያሻው፣ አሰላ ሲደርሱ እንደሚያሰናብታት ነገራት።

«ለአንድ ምሽት ብቻ ያቆዩኝ» አለች። «አሰላ ላይ እኔም በአማርኛ ነው የምናገረው።»