ከእትዬ ሐቢባ ጓሮ ሥር

ነጅሙዲን ተንበርክኮ የብረት ዘንጉን አፈር ውስጥ በሰካና ጫፉን ጆሮው ላይ ባስደገፈ ቁጥር አንድ በር ይዘጋል። መጀመሪያ አላስተዋለም ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ሸዋ ሮቢት ውስጥ እሱ ያለፈበት መንገድ ሁሉ ጭር እንደሚል ገባው።

ስድስት ዓመት ሶቪየት ኅብረት፣ ካርኮቭ ተምሮ የመጣው ይህንኑ ነው፤ የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስ ድምፅ አለው፣ ብረት ድምፁን ወደ ጆሮ ያመጣል። ከመስመሩ ራስ አሥር በርሜል ሲለቀቅ የሕዝቡ ቦኖ ላይ አምስት አይደርስም። ቧንቧው በጃንሆይ ጊዜ የተቀበረ ነው፣ ማርጀቱንም ያውቃል። ግማሹን ውሃ ዝገት ብቻ በላው ቢሉት ግን ልቡ አይቀበልም። አንዱ መስመሩን በስውር ቀጥሎ ሽንኩርት እያጠጣበት ነው ብሎ ጠርጥሯል። የተወለደው ከዚያ ብዙ በማይርቀው አሊዩ አምባ ሆኖ ሳለ የአገሩን ሰው ፊት ማንበብ አቅቶታል።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሕዝቡ ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበለት።

«ውሃ ሀብት ነው» አለ ነጅሙዲን። «በየጓሮው የሚፈሰው ከልጆቻችሁ ጉሮሮ የተወሰደ ነው። ጓሮው የረጠበበት ይንገረንና ቆፍረን እንጠግን።»

በመጨረሻ የቦኖው ጠባቂ በድሩ ከኋላ ብድግ አለ።

«ኢንጂነር፣ ሀብት ነው ካልከን እንደ እህሉ ኮታ ሊጣልበት ነው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ብቻ አልሳቀም፤ የሳቁትን አንድ በአንድ በዓይኑ ለቀማቸው።

ሰኞ ጧት ዘንጉ ጮኸ። ድምፁ የሚመጣው ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማሽላቸውን ራሳቸው ከሚያሳርሱት ከእትዬ ሐቢባ ጓሮ ነው። ሴትዮዋ የአጥሩ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እትዬ ሐቢባ። ጓሮዎ ሥር ውሃ ይሰማኛል።»

«ወአለይኩም ሰላም። እኔ አልሰማሁም።»

«በዘንግ ነው የሚሰማው።»

«አምናም ዘንግ የያዙ መጥተው ነበር። የማን ልጅ ነህ?»

«የአሊዩ አምባው የሸሪፍ።»

«ሸሪፍ ደግ ሰው ነበር። ልጁን ነው አርቆ የላከው።» በእጃቸው ከመንገዱ ማዶ አመለከቱት። «እዚያ ቆፍር። ድሮ ረግረግ ነበር።»

ብረት ድምፅን ከማዶም ያመጣል ብሎ አመናቸውና ግማሽ ቀን አስቆፈረ። ደረቅ አፈር እንጂ ጠብታ የለም። ሴትዮዋ እንዳሳሳቱት ሲገባው ውሃውን የሚሰርቁት እሳቸው ናቸው ብሎ ደመደመ። በአጥሩ ክፍተት አሻግሮ ሲያይ ግን ጓሮው ውስጥ የበቀለ ነገር የለም። የተጠረገ መሬትና የአገዳ ክምር ብቻ። ታዲያ ሰርቀው ምን ሊያጠጡበት ነው?

ግራ ቢገባው ወደ ቦኖው ሄዶ በድሩን ጠየቀው።

«ኢንጂነር፣ በነበርክበት አገር እህል በምን ይፈለጋል?» አለ በድሩ። «እዚህ በዘንግ ነው። የኮታ ሰዎች መጥተው መሬት ይወጋሉ። ዘንጉ ሰተት ብሎ ከገባ ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓድ ካለ ማሽላ አለ። ጭነውት ይሄዳሉ።»

«እኔ እኮ ውሃ ነው የምፈልገው።»

«እነሱም ሲመጡ እህል እንፈልጋለን አላሉም። የወባ መድኃኒት ልንረጭ ነው ነበር ያሉት።»

ነጅሙዲን ባለበት ቆመ። የአገዳው ክምር ምን እንደሸፈነ አሁን ተገለጠለት። ያ የሚሰማው ውሃ የሚፈሰው ከዓመት ቀለባቸው ጎን ነው።

ዘንጉን ቦኖው ጋ ትቶ ተመለሰ።

«እትዬ ሐቢባ፣ ማሽላ አለ አላልኩም። ቢኖር ግን በዚህ ሳምንት ውስጥ ይበሰብሳል።»

ሴትዮዋ የአገዳውን ክምር ዞር ብለው አዩት።

«ቢኖር፣ ቧንቧውን ለማውጣት ማን ይቆፍራል?»

«ቀበሌው የሚመድባቸው ሰዎች።»

«እንግዲያ ይበስብስ።»

«እኔው እቆፍራለሁ።»

እጁን አዩት። «በዚህ? ይኼ እኮ እንጀራ ብቻ የቆረሰ እጅ ነው።»

ቢሆንም በማግስቱ ጧት በበድሩ በኩል አስጠሩት። ነጅሙዲን መስመሩን ከላይ ዘግቶ ሲደርስ በድሩ ዶማ ይዞ፣ እሳቸው አገዳውን አንስተው ጠበቁት። የጉድጓዱ ክዳን ሲነሣ የኮመጠጠ ሽታ ወጣ። በአንድ ወገን ያለው ማሽላ ጠቁሮ ተጣብቋል። እትዬ ሐቢባ አንድ እፍኝ ዘግነው አሸተቱና መሬት ላይ በተኑት። ደረቁን በማዳበሪያ ሞልተው አገዳው ሥር ከደበቁና የጉድጓዱን ክዳን መልሰው አፈር ካለበሱት በኋላ ከጎኑ ቆፈሩ። ቧንቧው በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። በጎማ ላስቲክና በሽቦ አስረውት ሊጨርሱ ሲሉ ጓድ ታደሰ በሩ ላይ ቆመ።

«ቦኖው ደርቆ ሴቶች ይጮሃሉ። ምን ተገኘ?»

በድሩ ዶማውን ያዘና ነጅሙዲንን አየው። እትዬ ሐቢባም አዩት።

«የበሰበሰ ቧንቧ» አለ ነጅሙዲን።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ስንት ዓመት የታቆረ ውሃ ነው። ይህን ያህል ነው ስናባክን የኖርነው፤ መስመሩ በሙሉ እንዲህ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። አሁን እለቀዋለሁ።»

ታደሰ የአገዳውን ክምር ትንሽ አየት አድርጎ፣ «ሪፖርቱን ከሰዓት አምጣልኝ» ብሎ ሄደ።

እትዬ ሐቢባ እጃቸውን ዘረጉ። «እዚሁ ጻፈው። እኔ ፊት።»

ጻፈና አነበበላቸው፦ «ከመሬት በታች ያረጀ ቧንቧ ተጠገነ። ሌላ የታየ ነገር የለም።»

ወረቀቱን ተቀብለው ለበድሩ ሰጡት። በድሩ ያንኑ አነበበ።

«ድገመው» አሉት። ደገመው። ፊደል ስለማይለዩ፣ ሁለቱ የዋሿቸው ቃል ይኖር እንደሆነ በሁለተኛው ንባብ የበድሩን ፊት እየመረመሩ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ለነጅሙዲን መለሱና አገዳውን መልሰው መከመር ጀመሩ። ሊወጣ ሲል ዞር ሳይሉ ተናገሩ።

«የጎረቤቴ የራቢዓም ጓሮ ከረጠበ ከርሟል። እኔ ግን አልነገርኩህም።»